ደረቅ በቆሎ እንጂ ንፍሮ አይደለም፦ በባሕር ዛፍና በላስቲክ የሚሠራ የእህል ማድረቂያ

የመጀመሪያውን ማድረቂያ የሠራሁት በምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ፣ አጎቴ ጓሮ ውስጥ ነው። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ያልታሰበ ዝናብ አውድማው ላይ ደርሶ በቆሎውን አርሶት ስለነበር ሥራው የጥድፊያ ነበር። የሳንቃ ሳጥን ገጠምኩ፣ ውስጡን ጥቁር ቀባሁ፣ ከላይ ላስቲክ ወጠርኩ፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬም ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ደፈንኩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል በላብ ተጠምቆ፣ ጠብታው መልሶ እህሉ ላይ ይወርድ ጀመር። የአጎቴ ባለቤት እጃቸውን አስገብተው ትኩሱን በቆሎ ዘገኑና፣ «ልጄ፣ ይህ ሊደርቅ ነው ወይስ ንፍሮ ሊሆን?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እህል የሚያደርቀው ሙቀት ሳይሆን የሚንቀሳቀስ አየር ነው። የሙቀት ድርሻ አየሩን ውሃ እንዲጠማ ማድረግ ነው፦ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው (ማለትም ሊይዝ ከሚችለው ውሃ 70 በመቶውን የያዘ) አየር 35 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ያ የተጠማ አየር ከእህሉ ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ የጠገበው ካልወጣና ሌላ የተጠማ አየር ካልገባ ግን ያለን ማድረቂያ ሳይሆን ድስት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተቀመረው በዚሁ ላይ ነው፤ መግቢያና መውጫው ከሌላው ክፍል ሁሉ ይበልጣል።

የእህሉ እርጥበት ለምን 13 በመቶ?

የበቆሎ ፍሬ ሥሩ ላይ፣ ከቆረቆንዳው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ፣ ጥቁር ነጥብ ካወጣ በስሏል። ያን ጊዜ ከክብደቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ማሳ ላይ ቆሞ እየደረቀ ሲሄድ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ እንደ ቢኤች 661 ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ ዝርያዎች ግን ብዙ ጊዜ እርጥበታቸውን ይዘው ቤት ይገባሉ። ጎተራ ውስጥ በሰላም የሚከርመው 13 በመቶና ከዚያ በታች የደረሰው ነው። ከ14 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሳል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፣ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የሻገተውን ለይቶ ለዶሮና ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ይመለሳል።

1. መጀመሪያ ስሌቱ፣ ከዚያ ምስማሩ

እንጨት ከመቁረጥ በፊት ምን ያህል ውሃ ማውጣት እንዳለብን እናስላ። አንድ ኩንታል በቆሎ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነና 13 ላይ ልናደርሰው ከፈለግን፣ ልዩነቱን (7) በ87 እናካፍላለን፣ ከዚያ በ100 ኪሎ እናባዛለን፦ 8 ኪሎ ውሃ ይመጣል። 87 የመጣው ከ100 ላይ 13 ሲቀነስ ነው። ስምንት ኪሎ ማለት ከአንድ ጀሪካን ሲሶ በላይ ውሃ ነው፤ ሁሉም ተንኖ በአየር ተጭኖ መውጣት አለበት።

አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፣ ለስምንቱ 5.6። በደጋው አገራችን በጠራ የበጋ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በቤት የተሠራ ማድረቂያ ከዚህ ውስጥ ለማድረቅ የሚያውለው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ብለን እናስብ። ስድስት ካሬ ሜትር የሚሞቅ ገጽ ካለን በጠራ ቀን ለአንድ ኩንታል ይበቃል። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው ሁለት ቀን ነው፤ ደመና ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል።

አየሩንም እንቁጠር። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ሲወጣ 5 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ቢሄድ፣ ለስምንት ኪሎ 1600 ሜትር ኩብ አየር ማለፍ አለበት። በሁለት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያ ሳጥን ይህን ያህል አየር በሳምንትም አያሳልፍም ነበር።

2. ከማድረቂያው በፊት ቆጡ

ሃያ ወይም ሠላሳ ኩንታል የሚያገባ ገበሬ በሁለት ቀን አንድ ኩንታል የሚያወጣ መሣሪያ ይዞ የትም አይደርስም። ይህን የማይነግር ባለሙያ ካጋጠማችሁ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው። አብዛኛውን ውሃ በነፃ የሚያወጣው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ በቆሎውን ከነቆረቆንዳው እንዲያገኘው የሚያደርገውም ጠባብ ቆጥ ነው።

አራት ሜትር የሚረዝም፣ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው፣ ወርዱ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ የእንጨት ቆጥ ይሠራል። ጎኖቹ በቀጭን ባሕር ዛፍ ወይም በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ፣ ይታጠራሉ፤ የአዊ ሰዎች የደጋ ቀርከሃ ቅርባቸው ስለሆነ በዚህ ከሌላው ይቀናቸዋል። ረጅሙ ጎን ነፋስ ወደሚመጣበት ይዞራል። ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይላል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቆርቆሮ ይገባል፣ አይጥ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል። ከላይ ጎኑን አልፎ የሚወርድ የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን ያስፈልጋል። ልጣጩ ተገፎ የሚገባ ከሆነ ወደ 12 ኩንታል ፍሬ የሚወጣው በቆሎ ይይዛል። እርጥበቱ 30 በመቶ ደርሶ ቢገባ እንኳን በዚህ ጥበት አይሻግትም። ወርዱን አንድ ሜትር ተኩል ካደረጋችሁት ግን መሃሉ ነፋስ አያገኝምና ልፋታችሁ ይበሰብሳል።

ለብዙ ቤተሰብ ቆጡ ብቻውን ይበቃል። ማድረቂያው የሚያስፈልገው ለዘር ለሚቀመጠው፣ ቶሎ ለሚሸጠው፣ ዝናብ ለመታውና ከቆጥ ወጥቶ ተፈልፍሎ የመጨረሻዋ ሁለትና ሦስት በመቶ ለቀረችው ነው።

3. ማድረቂያውን መሥራት

ሦስት ክፍሎች አሉት፦ አየር የሚሞቅበት ተዳፋት፣ እህሉ የሚሰጣበት አልጋ፣ አየሩን የሚስበው የጢስ ማውጫ መሳይ ቧንቧ።

ቦታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ይሁን። ተዳፋቱ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ነው። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው አንድ በትር መሬት ላይ ተክሎ የ6 ሰዓትን ጥላ ይመልከት፣ ወደ ሰሜን ወድቆ ያገኘዋል።

እንጨቱ ቢያንስ አንድ ወር የከረመ ባሕር ዛፍ ይሁን። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ላስቲኩን ይቀደዋል። መሬት የሚገባውን ጫፍ እሳት ላይ ጥቁር እስኪል ማሳረር ምስጥን ያዘገያል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ከመሬት በታች ለሚሆነው ብቻ ይሁን፣ እህል ወደሚነካው ክፍል ፈጽሞ እንዳይጠጋ።

ተዳፋቱ። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው። የታችኛው ጫፍ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው ከአንድ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ወለሉ በፍልጥ ተረብርቦ በጭቃና በጤፍ ጭድ ይለሰናል፤ ምርጊቱ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሾልክ ያግዳል። በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ ይነጠፋል። የአንዱ ቆርቆሮ ወርድ ከአንድ ሜትር ስለሚያንስ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ይወስዳል። ቆርቆሮው የማያብረቀርቅ ጥቁር ይቀባል፤ ተራ ቀለም ውስጥ የምጣድ ጥላሸት ብትደባልቁበት ማብረቅረቁን ያጠፋዋል። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ላስቲኩ ይወጠራል። አየሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው። ታችኛው ጫፍ በሙሉ ወርዱ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ክፍት ይሆናል፤ ዝንብና እንሽላሊት እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ ብቻ ይጋረድበታል። ይህን መግቢያ ለማጥበብ የሚሞክር አንድ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እንዳትሰሙት።

አልጋው። ከተዳፋቱ የላይኛ ጫፍ ተያይዞ ወደ ሰሜን 3 ሜትር ይዘረጋል፣ ወርዱ ያው 1.2 ሜትር ነው። ይህ ወርድ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ከግራና ከቀኝ የቆመ ሰው ክንዱን ዘርግቶ መሃሉን መድረስ አለበት። በፍልጥ ቀርከሃ ርብራብ ላይ የወንፊት ሽቦ ይወጠራል፣ እህሉ የሚሰጣው እዚያ ላይ ነው። ከሽቦው በታች በጭቃ የተለሰነ ወለል አለ። በዚህ ወለል ላይ አንድ ትንሽ ብልሃት አለች፦ ከተዳፋቱ በኩል ከሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ወደ ሩቁ ጫፍ እየተጠጋ ሄዶ 10 ላይ ይድረስ። ጥልቀቱ እኩል ከሆነ ሞቃቱ አየር የቅርቡን እህል እንደልቡ እየመገበ የዳር ዳሩን ያስርበዋል፤ ወለሉ ሲጠጋ ግን አየሩ ተገፍቶ በሁሉም ቦታ በሽቦው በኩል ወደ ላይ ይወጣል።

ከአልጋው በላይ ላስቲኩ እንደ ቤት ጣሪያ መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለት ወገን ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ከሆነ የእኔ ጠብታ እናንተም ዘንድ ይደርሳል። አንደኛው ጎን እንደ መጋረጃ የሚጠቀለል ይሁን፤ እህሉን የምታማስሉት በዚያ ነው።

ቧንቧው። በሰሜን ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር ተነስቶ 1.5 እስከ 2 ሜትር የሚቆም፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ ነው። ከአሮጌ ቆርቆሮ ወይም በእንጨት አጥንት ላይ ከተጠቀለለ ላስቲክ ይሠራል። በውጭ ጥቁር ከተቀባ ራሱም ስለሚሞቅ መሳቡ ይጠነክራል። አናቱ ላይ የዝናብ ባርኔጣ ይደረግለታል፤ በባርኔጣውና በቧንቧው አፍ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተው።

የሚገዛው ነገር ላስቲክ፣ የወንፊት ሽቦ፣ ምስማርና ትንሽ ቀለም ብቻ ነው። በላስቲኩ አትሰስቱ። ተራው ላስቲክ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከአንድ በጋ አያልፍም፤ ለግሪን ሃውስ የሚሠራው፣ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለውና ፀሐይ የሚችለው ዓይነት ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። የአበባ እርሻዎች አገልግሎ ያወጡትን በርካሽ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ፀረ ተባይ ሲረጭበት የኖረ ላስቲክ ከምግብ እህል በላይ አይወጠርም።

4. በዕጣን መሞከር

ተሠርቶ ሲያልቅ ለሦስት ቀን ባዶውን ፀሐይ ይምታው፣ የቀለሙ ሽታ ይወጣል። ከዚያ በጠራ ቀን፣ ወደ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፍም ላይ ዕጣን አድርጉና መግቢያው ሥር አስቀምጡ። ጢሱ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ በላስቲኩ ሥር እየሾለከ ወጥቶ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቧንቧው አናት ብቅ ካለ ማድረቂያው ይተነፍሳል። መግቢያው ላይ የሚንከራተት ወይም ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ቧንቧው አጥሯል፣ ጠቧል፣ ወይም በመገጣጠሚያው የሚሾልክ ቀዳዳ አለ። በጎን የሚወጣው ጢስ ቀዳዳውን ራሱ ይጠቁማችኋል፤ በጭቃ ድፈኑት። ጭቃ የሚደፈንበት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው።

አየሩ ደካማ ሆኖ ካስቸገረ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልትና 12 ሳንቲ ሜትር ማራገቢያ ከቧንቧው ሥር ይገጠማል። 10 ዋት የሆነች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ትበቃዋለች፣ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ስትበረታ እሱም ይበረታል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። በሰዓት የሚያሳልፈው አየርም ቅድም ካሰላነው 100 ሜትር ኩብ ጋር ይቀራረባል።

ከአልጋው ሥር የቆረቆንዳ እሳት ለማንደድ የሚያስቡ አሉ። ጢስ በእህል ውስጥ ካለፈ ሽታው አይለቅም፣ ላስቲክና እሳትም አብረው አያድሩም። እኔ አልመክርም።

5. ማስጣት

እህሉ ተነፍቶ፣ የተሰበረውና የሻገተው ተለቅሞ ይገባል። ሁለት ጣት ያህል፣ ማለትም 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ አልጋው ልክ አንድ ኩንታል ይይዛል። ውፍረቱን አምስትና ስድስት ጣት ካደረጋችሁት አየሩ መውጣት ያቅተዋል። በየሰዓቱ በእጅ ወይም በእንጨት መቆስቆሻ ይማሰላል።

ሙቀቱን በቴርሞሜትር ተከታተሉ። ለዘር የሚሆን ከ40 ዲግሪ አይለፍ፣ ሽሉ ይሞታል። ለምግብ የሚሆነው ከ50 በላይ ሲሆን ፍሬው ውስጡ ይሰነጠቅና ወፍጮ ቤት ሲደርስ ይደቃል፣ ነቀዝም ስንጥቁን ይወዳል። ሙቀቱ ካለፈ መጋረጃውን ከፍ ማድረግ ነው። ቦሎቄ ደግሞ ቅርፊቱ ቶሎ ስለሚፈነዳ ከበቆሎ ይበልጥ ለስለስ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

ማታ 11 ሰዓት ሲሆን መግቢያውም ቧንቧውም በማዳበሪያ ጆንያ ይዘጋል። የሌሊት አየር እርጥብ ነው፤ ክፍቱን ካገኘ ቀን የወጣውን ውሃ ማታ ይመልሰዋል። ጠዋት ጤዛው ከላስቲኩ ላይ ሳይረግፍ አትክፈቱ።

በበጋ መስኖ ስንዴ የሚያመርቱ፣ ለምሳሌ የቆጋ ገበሬዎች፣ አጨዳቸው ወደ ሚያዝያና ግንቦት ሲገፋ ዝናብ ይቀድማቸዋል። ይኸው አልጋ ያገለግላቸዋል፤ ሽቦው የጠበበ፣ ንጣፉም ከአንድ ጣት ጥቂት የበለጠ ብቻ ይሁን፣ ስንዴ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ አየር ይከለክላል። በግንቦት ፀሐይ ከአናት አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትሄድ ተዳፋቱ እንደ ታኅሣሥ አያሞቅም፤ ሦስተኛ ቀን ያስፈልጋል ብላችሁ ጠብቁ።

6. መድረቁን ማወቅ

ጥርስ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ግን የሚያረጋግጠው የለመደ ጥርስ ብቻ ነው። ከዚያ የሚሻል የጨው ፈተና አለ። ጨው ምጣድ ላይ አድርቁ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ሲሶውን ያህል በቆሎ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቁና ለአንድ ደቂቃ በደንብ ነቅንቁ። ሩብ ሰዓት አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ወርዷል፣ ግን 13 ደርሷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨው አልያዘም ብሎ ጎተራ ይከታል። ተጨማሪ አንድ የጠራ ቀን ስጡት።

በከተማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የምትገኝ ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ካለቻችሁ ነገሩ ይቀላል። ከአልጋው መሃል የተዘገነ፣ የቀዘቀዘ በቆሎ ከመለኪያዋ ጋር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ቋጥሩና አንድ ሰዓት በጥላ አቆዩ። 65 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ካነበበች በቆሎው 13 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። እርጥበቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው በሚዛንም ይሠራል፦ በ20 በመቶ የገባ አንድ ኪሎ በቆሎ በመረብ ከረጢት አልጋው ላይ አስቀምጦ 920 ግራም ሲሆን ደርቋል።

7. ከአልጋ ወደ ከረጢት

ትኩስ እህል በጆንያ አይታሰርም፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል። ጀምበር ሳትጠልቅ አውጥታችሁ በጥላ፣ ሸራ ላይ አቀዝቅዙት፤ ማታ ያው ቀን ይታሰር። ሁለት የውስጥ ላስቲክ ያለው፣ አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ያፍነዋል፤ ፎስቶክሲን ከተባለው መርዛማ የነቀዝ መድኃኒት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከማደርም ያድናል። ያልደረቀ በቆሎ እዚያ ውስጥ ቢታሰር ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ሻጋታው በታሸገ ቤት ይፋፋል።

ወቅቱ ሲያልቅ ላስቲኩን ንቀሉ፣ በውሃ ብቻ እጠቡ፣ በጥላ አድርቁና ጠቅልላችሁ ከጣሪያው ሥር ስቀሉት። መሬት ላይ ከተዋችሁት አይጥ ለልጆቿ ቤት ትሠራበታለች፤ በሚቀጥለው ኅዳር ሌላ ላስቲክ ልትገዙ ነው።